የኩታበር ጠረፍ

ኩታበር ጠረፍ የላትም። ከደሴ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ደጋ ላይ የተቀመጠች፣ ከተንታ፣ ከአምባሰልና ከተሁለደሬ የምትዋሰን ወረዳ ናት፤ ተንታም ሆነ አምባሰል ገበያተኛዋን ፓስፖርት ጠይቀው አያውቁም። ይህ ታላቅ ጉድለት ግን ከባሕር ማዶ ታስቦ ተሞልቶላታል። ኅዳር 2008 ዓ.ም. የአውሮፓና የአፍሪካ መሪዎች ማልታ፣ ቫሌታ ላይ ተሰብስበው የስደትን ሥር የሚነቅል ፈንድ አቋቋሙ፤ ቋቱ እያደር ወደ 5 ቢሊዮን ዩሮ ሞላ። ከዚያው ላይ 40 ሚሊዮን ተጨልፎ፣ ጀርመን 6 ሚሊዮን መርቃበት፣ በምሥራቅ አፍሪካ ስደትን «በተሻለ» የሚያስተዳድር ፕሮግራም ተጀመረ። ድንበር ጠባቂው ሠለጠነ፣ ፖሊሱ ሠለጠነ፣ ዓቃቤ ሕጉ ሠለጠነ (አበሉን ለባለቤቶቹ እንተወው)። የቀረው ማሳው ብቻ ነው፤ ለአራት ወንድማማች አልዳረስ ያለው የገብስ ማሳ አቅም ግንባታ ገና አልደረሰውም።

የሚደንቀው ደግሞ አቅጣጫው ነው። አውሮፓ የሚያስጨንቃት በመተማ አድርጎ ወደ ሱዳንና ሊቢያ የሚነጉደው ነው፤ የወሎ ልጅ ግን ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ኮምቦልቻን፣ ባቲንና ሚሌን አልፎ፣ ጋላፊን በጎን ሾልኮ፣ ጅቡቲ፣ ኦቦክ ላይ በየመን አድርጎ ሳዑዲ ለመግባት ጀልባ ይሳፈራል፤ አገሬው «በባሕር ሄደ» ይለዋል። ሮምን በሕልሙም ያላያትን ልጅ ከሮም ለማስቀረት ይህን ያህል መድከም ደግነት ካልተባለ ምን ሊባል ነው? በሚገባ የታጠቀ ድንበር ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ የየመንንና የሳዑዲን ወሰን ይመልከት። የጀርመን ፌዴራል ፖሊስ የሳዑዲን ድንበር ጥበቃ ለዓመታት አሠልጥኗል። ሂዩማን ራይትስ ዎች ነሐሴ 2015 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በአንድ ዓመት ከጥቂት ወር ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በጥይትና በከባድ መሣሪያ መግደላቸውን ዘረዘረ። ሥልጠናው ይህን አስተማረ አልልም። አቅም ግን አንዴ ከተሰጠ ወዲያ በማን ላይ እንደሚዞር ሰጪው አይመርጥም።

«ታዲያ ደላላው ሰው ሲያስፈጅ ዝም ይባል?» የሚል ይነሣል። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የመን፣ አብያን አጠገብ የሰጠመችው ጀልባ ከ90 በላይ ነፍስ በልታለች፤ ቁጥጥር ቢጠብቅ ይተርፉ ነበር ይባላል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ግን ተሞክሯል። መንግሥት ጥቅምት 2006 ላይ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን ጭራሹን አገደ፤ እገዳው እስከ 2010 ቆየ። ከዚህ የጠነከረ ኬላ ከየት ይመጣል? የተዘጋው ግን ፓስፖርትና የሥራ ውል የሚጠይቀው «ኮንትራት» የሚሉት በር ነው፤ የሚሌ በረሃ መዝጊያ የለውም። ደላላው ተወዳዳሪው በመንግሥት ትእዛዝ ከገበያ ወጣለት። ኬላ በተጨመረ ቁጥር ዙሪያ ጥምጥሙ ይረዝማል፣ የመንገዱ ዋጋ ይንራል፣ አባትየው ሁለተኛውንም በሬ ገበያ ያወጣል። ለብራሰልስ የምስጋና ደብዳቤ መጻፍ ያለበት ከማንም በፊት ደላላው ነው፤ እስካሁን ካልጻፈ ውለታ ቢስ ነው።

አገር የሚገባውንና የሚወጣውን ማወቅ አለባት የሚለውን አልቃወምም፤ መዝገብ መያዝ የመንግሥት ወጉ ነው። ነገሩ መዝገቡ የሚያዘው ለማን ነው? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ እኛ ደግሞ ማማሰያውንም በእርዳታ ተቀብለናል። ድስቱ የማን እንደሆነ ሚያዝያ 2016 ላይ ለየለት። የአውሮፓ ኅብረት «ኢትዮጵያ ተመላሽ ዜጎቿን ለመቀበል አልተባበረችም» ብሎ የቪዛ መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዘመ፤ ደጋግሞ የሚያስገባውን ቪዛ ከለከለ፤ ዲፕሎማቲክና ሰርቪስ ፓስፖርት የያዘውንም ከቪዛ ክፍያ ነፃ ማድረግ ቀረ። የኩታበር ልጅ ይህን ቅጣት አልሰማም፤ ኦቦክ ጀልባ ላይ ቪዛ የሚጠይቀው የለም። 45ቱን ቀን በጣቱ የሚቆጥረው፣ ክፍያውንም ከኪሱ የሚያወጣው፣ ስለ ድንበር አስተዳደር እንዲመክር ብራሰልስ የተጠራ የእኛው ሹም ነው።