ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ

«ማን ሞቶ ነው?» አለች እማዬ፣ መጽሐፍ ዘርግቼ ዓይኔን ስጠርግ ድንገት ደርሳ።

«ሽሚ።»

«የት ሰፈር ነበሩ?»

ታቱኢን፣ ሁለት ፀሐይ ያላት የአሸዋ ዓለም፣ ብዬ ልጀምር? የያዝኩት እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው የክሪስቲን ቤቨር መጽሐፍ ነው፤ የስካይዎከር ቤተሰብ የሕይወት ታሪክ። ቤተሰቡ ጆርጅ ሉካስ በ1977 በ«ስታር ዋርስ» ፊልም የወለደው ፈጠራ ነው። ደራሲዋ ግን እንደ ዜና መዋዕል ጸሐፊ፣ በእውን የኖሩ አድርጋ ትተርካቸዋለች። እኔም ፊልሞቹን በቃሌ ስለማውቃቸው ያነበብኩት እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ እያለቀስኩም፣ እያማሁም።

ለእማዬ ዘራቸውን ቆጠርኩላት።

«ሽሚ በባርነት የተያዙ ሴት ነበሩ። አናኪንን ወለዱ።»

«ከማን?»

«አባት የለውም። ስካይዎከርም የእናቱ ስም ነው።»

አማተበች።

«ልጁ በዘጠኝ ዓመቱ ከእናቱ ተለይቶ ጄዳይ ሊሆን ሄደ። መነኩሴም ወታደርም በይው። ሚስት ክልክል ነው፤ እሱ ግን ንግሥት የነበረችውን ፓድሜን በድብቅ አገባ።»

«ሽማግሌ ሳይልክ?»

«ሚዜዎቹም ሁለት ሮቦቶች ናቸው።»

«ጉድ!»

«መንታ ወልዳ ሞተች። አባትየው ከፍቶ ዳርት ቬደር ሆነ። ልጆቹን ከእሱ ለመደበቅ ሴቷን ለሌላ ቤተሰብ ሰጧት፤ ወንዱን አባቱ ባደገበት አገር፣ በአባቱ እንጀራ ወንድም ቤት፣ በዚያው ስካይዎከር በሚለው ስም አሳደጉት።»

«ይሄ መደበቅ ነው ወይስ አድራሻ መስጠት?»

ስንት ዓመት ፊልሙን ሳይ ኖሬ፣ እንዲህ አጥርቼ ጠይቄ አላውቅም።

«መንትዮቹ ሲገናኙም...» ድምፄን ዝቅ አደረግኩ፤ «በ1980ው ፊልም ተሳሳሙ።»

«ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ!»

«አንድ ቤትም አልቆጠሩ፣ እማዬ።»

«ሽማግሌ የላቸውም?»

«ዮዳ የሚባሉ አሉ፤ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ የሞላቸው።»

«ምን አሉ ታዲያ?»

«ምሥጢሩን ደበቁ።»

«እሱማ ሽማግሌ አይደለም፤ ያረጀ ሰው ነው።»

መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። እኔ የሰይፍና የመርከብ ታሪክ ስል የኖርኩትን፣ እናቴ አንዱ ለሌላው የማን ልጅ እንደሆነ ባለመንገሩ የፈረሰ ቤት አድርጋ አየችው። ስለ መርከቦቹ አንዴም አልጠየቀችኝም።

«የልጅ ልጅ ተረፈ?»

«አባቱን ገደለ፤ በኋላ ተጸጽቶ ሞተ። በ2019ኙ ፊልም መጨረሻ ላይ ሬይ የምትባል፣ የጠላታቸው የልጅ ልጅ፣ ታቱኢን ሄዳ የመንትዮቹን የብርሃን ሰይፎች አሸዋ ውስጥ ቀበረች። ስምሽ ማነው ሲሏት፣ ሬይ ስካይዎከር አለች።»

«ሳትዛመዳቸው?»

«ሳትዛመዳቸው።»

እማዬ ዝም ብላ ቆየች። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» አለች በመጨረሻ። «ስሙ የእናትየው ነው አላልከኝም?»

«ነው።»

«እንግዲያው ቤቱም የእሳቸው ነው። ነፍሳቸውን ይማር።»

የምሯን ነበር። እኔም ፈጠራ ነው ለማለት አፍሬ፣ «አሜን» አልኩ።