እየጮኸ «ሞተ» አትበሉት

«ይኼ አሮጌ ቫኪዩም ሞቷል፤ ጣለው!»

የሚጮኸው ማነው ታዲያ? የራሱ ሞተር ያለው የምንጣፍ ብሩሽ ሞተሩ እየተሰማ ብሩሹ ካልዞረ፣ መጀመሪያ የሚታየው ቺንጋው ነው። ለጥቂት ዶላር ጎማ ሙሉ ማሽን ይጣላል?

«ቺንጋውን አየሁት፤ አልተበጠሰም።»

አልተበጠሰም ማለት ይሠራል ማለት ነው እንዴ? ጎማ ሳይበጠስ ይላላል። አየር ላይ ብሩሹን ያዞርልሃል፤ ምንጣፍ ሲነካ ይንሸራተታል። ሲንሸራተት ይግላል፣ ሲግል ቀልጦ የሞተሩ ዘንግ ላይ ይጋገራል። ያንን ሳትፍቅ አዲስ ብታስገባ አዲሱም አይከርምም።

«ፍቄ ቀየርኩት፤ አሁንም አይዞርም።»

ፀጉሩንስ? ረጅም ፀጉርና የምንጣፍ ክር በብሩሹ ጫፍና ጫፍ ተጠምጥሞ ኩሽኔታው ድረስ ይገባና አንቆ ይይዘዋል። ሶኬቱን ንቀል። የታችኛውን ሳህን በካቻቢቴ ፍታ፣ ፀጉሩን በመቀስ ቁረጥ፣ የጫፉን ክዳን አውጥተህ ውስጡን አጽዳ። ኩሽኔታው በእጅ ሲዞር ከተንኳኳ ይቀየር። እነዚህን የድሮ ማሽኖች የምወዳቸው ለዚህ ነው፤ የተሠሩት እንዲፈቱ ተደርገው ነው፤ ብሎናቸው ፊት ለፊት ይታያል።

«የብሩሹ ሞተር ጭራሽ ድምፅ ከሌለውስ?»

ሞተሩን ከመክሰስህ በፊት ቱቦውን መርምር። እንዲህ ዓይነት ብሩሽ ባላቸው ብዙ የእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ማሽኖች ኤሌክትሪክ ወደ ብሩሹ የሚደርሰው በቱቦው ውስጥ ባለ ሽቦ ነው፤ ቱቦው ዘወትር የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ሽቦው ይበጠሳል። ቱቦው ሲንቀሳቀስ ሞተሩ አንዴ ተነስቶ አንዴ ከጠፋ፣ ወዲያው ሶኬቱን ነቅለህ ለባለሙያ ስጥ። በፕላስተር ጠቅልለህ እንዳትጠቀምበት፤ ቤት ውስጥ ሕፃን አለ።

«ምን አደከመህ? መሳቡ ብቻ አይበቃም?»

ለሴራሚክ ይበቃል። ምንጣፍ ላይ ግን አሸዋው የክሩ ሥር ተደብቆ በተረገጠ ቁጥር ክሩን ይሞርደዋል፤ ቀስቅሶ የሚያወጣው ብሩሹ ነው። ይህን ያወቀው መጥረጊያ የያዘ ሰው ነበር፦ ጀምስ ስፓንግለር፣ በኦሃዮ ካንተን ከተማ የሱቅ ጽዳት ሠራተኛ። አቧራው አስሙን ቢያብስበት ማሽን ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1908 የባለቤትነት መብት ባገኘበት በዚያ ማሽን ላይ ከአየር መሳቢያው ጎን የሚሽከረከር ብሩሽ አስገባበት። ሁቨር የተባለ ነጋዴ ገዝቶ ለዓለም የሸጠው የስፓንግለርን ሐሳብ ነው።

«እሺ፣ ይኸው ዞረ። ግን ምንም አያነሳም!»

የብሩሹ ጠጉር አልቋላ! ማስመሪያ ከሳህኑ በታች አጋድም፤ ጠጉሩ ማስመሪያውን ካልነካ ምንጣፉንም አይነካም። ደግሞ ዘርፍ ላይ ስትደርስ ብሩሹን አጥፋ፤ የአያትህን ምንጣፍ እንዳይጎርስብህ።

«ጊዜ የለኝም እኮ!»

አዲስ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ስትዞር የዋልክበት ጊዜ የማን ነበር? በል፣ ካቻቢቴውን አቀብለኝ።