ዘመኑ የደረሰበት

«ዘመኑ የደረሰበት ቴክኖሎጂ» የምትለዋን አባባል የፈጠረውን ሰው ባገኘው አንድ ነገር እጠይቀው ነበር፤ ዘመኑ የደረሰው የት ነው? በሬዲዮ የጥርስ ሳሙና ሲያስተዋውቁ ዘመኑ ደርሷል። መሠረቱ ያልወጣ አፓርታማ ሲሸጡ ደርሷል። በዶሮ መኖ ላይ ሳይቀር ደርሷል። ባለፈው ሕዳር 5፣ የቁስቋም ዋዜማ ዕለት፣ ጡረታ የወጡት የግምጃ ቤት ኃላፊ ጋሽ በላቸው ይህንኑ ዘመን ይዘው እትዬ አስካለ ግቢ ገቡ። እኔ ከቆርቆሮው አጥር ወዲህ ነበርኩ። ወሬው ስለ አንድ አቧራ መሳቢያ ማሽን ነው፤ የማሽኑን ስም አልጠራም፤ ማስታወቂያ ከሆነ ይከፈለኝ።

ጋሽ በላቸው፦ እንደምን አደርሽ አስካለ?

እትዬ አስካለ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ይግቡ ጋሽ በላቸው። ቤቱ እንደሚያዩት ነው፣ ለነገ እየጠረግሁ ነው።

ጋሽ በላቸው፦ ይኼ መጥረግ አይባልም። አቧራውን ከጓዳ አንስተሽ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ በረንዳ። በመሥሪያ ቤት ደንብ ዝውውር ነው የሚባለው። ያውም ያለ ዕድገት! አቧራ ከአገልግሎት የሚሰናበተው ዘመኑ በደረሰበት ቴክኖሎጂ ሲሳብ ብቻ ነው። ልጄ ከቨርጂኒያ የላከችልኝን አይተሻል አይደል?

እትዬ አስካለ፦ ቡፌው አጠገብ ዳንቴል ለብሶ የቆመውን?

ጋሽ በላቸው፦ ዳንቴሉ አቧራ እንዳይነካው ነው።

እትዬ አስካለ፦ አቧራ ይበላል አላሉም?

ጋሽ በላቸው፦ ይበላል። ግን ሲጋበዝ ነው እንጂ ዝም ብሎ የመጣ አቧራ ሁሉ አይወጣበትም። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ፣ ቁጭ በይ። በፈረንጆች 1901 ሁበርት ሴሲል ቡዝ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበረ። እሱ ያየው ማሽን አቧራውን እፍ እያለ ነበር የሚያባርረው። ሰውዬው መሐረቡን ወንበር ላይ አነጠፈና አፉን ገጥሞ ወደ ውስጥ ሳበ። መሐረቡ በታች በኩል ጠቁሮ ተገኘ።

እትዬ አስካለ፦ ሰው የተቀመጠበትን ወንበር? በአፉ?

ጋሽ በላቸው፦ ለሳይንስ ነዋ! ከዚያ በፈረስ የሚጎተት ትልቅ ማሽን ሠራ። ማሽኑ ደጅ ይቆምና ቱቦው በመስኮት ይገባል። በ1902 ንጉሥ ኤድዋርድ ዘውድ ሲጭኑ የዌስትሚኒስተርን ቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ያጸዳው ይኸው ማሽን ነው። ለዚያ ንግሥ ምኒልክ ማንን ወደ ለንደን እንደላኩ ታውቂያለሽ? ራስ መኮንንን! የጃንሆይን አባት! እንግዲህ አስቢው። እኛ ከዚህ ማሽን ጋር የተዋወቅነው በ1894 ዓመተ ምሕረት ነው ማለት ነው።

እትዬ አስካለ፦ ራስ መኮንን ማሽኑን አዩት?

ጋሽ በላቸው፦ ማየቱ ምን ያደርጋል? ምንጣፉ ተጠርጎ ጠብቋቸዋል። የጠበቀን ነገር ላይ ዘግይተን የደረስነው እኛ ነን። በኋላ ደግሞ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ጄምስ ስፓንግለር የሚባል ሰው ተነሣ። ሥራው ሱቅ መጥረግ ነበር፣ አስም ደግሞ አለበት። አቧራው ደረቱን ሲይዘው ጊዜ የመጥረጊያ እጀታ፣ የማራገቢያ ሞተርና የትራስ ልብስ አገጣጠመና በፈረንጆች 1908 የባለቤትነት መብት አወጣበት። የእኔ ቁም ማሽን የዚያ የልጅ ልጅ ነው። መብቱን ግን ሁቨር የሚባል የቆዳ ዕቃ ነጋዴ ገዛው፤ ስሙም የነጋዴው ሆኖ ቀረ።

እትዬ አስካለ፦ ጠራጊ መቼም ስም የለው።

ጋሽ በላቸው፦ ስፓንግለር አልኩሽ እኮ! ሌላም አለ፤ ጄምስ ዳይሰን የሚባለው እንግሊዛዊ ከረጢት የሌለው ማሽን ለመሥራት 5,127 ናሙና ሠርቷል። አምስት ሺህ አንድ መቶ ሃያ ሰባት!

እትዬ አስካለ፦ እኔ ሦስተኛው እንጀራ ከምጣዱ አልነሣ ቢለኝ ሰፈሩ ምን እንደሚለኝ። ማን አበላው ይኼን ሁሉ ጊዜ?

ጋሽ በላቸው፦ ሚስቱ። የሥዕል አስተማሪ ነበረች፣ በእሷ ደመወዝ ነው የኖሩት።

እትዬ አስካለ፦ ታዲያ ማሽኑን የሠራችው እሷ ናታ።

ጋሽ በላቸው፦ ነገር አታጣሚ። ይልቅ ስለ ማጣሪያው ልንገርሽ። ሄፓ ይባላል። ከማይክሮን ሦስት አስረኛ የምታህለውን ብናኝ ሳይቀር 99.97 በመቶ ያስቀራል።

እትዬ አስካለ፦ የቀረችውስ?

ጋሽ በላቸው፦ የቀረችው 0.03 በመቶ... እሷ ለመጥረጊያ ትቀመጣለች። እንግዲህ ወደ ዋናው ልግባ። እኔ ዕቃን በወሬ አላምንም፣ ሠላሳ ዓመት ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ። ስለዚህ እዚሁ ቁስቋም ሰፈር ማሽኑ ያላቸውን ሰዎች ቤት ለቤት ዞሬ የተጠቃሚ ተሞክሮ ሰብስቤአለሁ። ሁሉም ረክተዋል።

እትዬ አስካለ፦ የወይዘሮ አበባ እንኳ ተቃጠለ ሲሉ ሰማሁ።

ጋሽ በላቸው፦ ያ የማሽኑ ጥፋት አይደለም። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው። ልጇ ከዳላስ ላከላት፤ እሷ እንደ ቴሌቪዥን በቀጥታ ሰካችው። አንዴ ጮኸ፣ ጨሰ፣ አለቀ። ግን ልብ በይ! በዚያች ቅጽበት ብሩሹ ያረፈበት ቦታ እስከ ዛሬ ንጹሕ ነው ትላለች። ሰው ሲመጣ እያሳየች ነው።

እትዬ አስካለ፦ እርስዎስ ምን አደረጉ?

ጋሽ በላቸው፦ እኔማ መርካቶ ወርጄ ሦስት ሺህ ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ገዛሁ። ማሽኑ ስምንት ኪሎ ነው፤ ትራንስፎርመሩን ግን ከታክሲ ያወረዱልኝ ሁለት ጎረምሶች ናቸው።

እትዬ አስካለ፦ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ሲሄዱ ማን ይሸከመዋል?

ጋሽ በላቸው፦ መኝታ ቤት ማን ያየዋል? እንግዳ የሚገባው ሳሎን ነው። ቀጥሎ ያለው ተሞክሮ የሸማኔው ነው። ያው እንደምታውቂው ሽሮ ሜዳ ለሚሸጠው ጥበብ ሲሸምን የሚውል ሰው ቤቱ ጥጥ በጥጥ ነው። ከማሽኑ ሥር የሚሽከረከር ብሩሽ አለ፤ ምንጣፉን እየመታ አቧራውን የሚያራግፍ። ሸማኔው ተውሶኝ የመሸመኛውን ጉድጓድ ብናኝ ላጽዳ ብሎ አስገባው። ብሩሹ ማጉን ከነቀሰሙ አገኘውና ያጠነጥን ጀመር። ሲያጠነጥን፣ ሲያጠነጥን፣ ለአንድ ነጠላ የሚበቃ ፈትል ጠቅልሎ ቀጥ አለ። በመቀስና በወረንጦ ሲፈታ ሦስት ቀን ፈጀ።

እትዬ አስካለ፦ አልተቆጣም?

ጋሽ በላቸው፦ ተቆጣ። ግን በሙያው ሐቀኛ ሰው ነው፤ አጠማጠሙ ጥሩ ነው አለ። ከሰው እጅ እኩል ያጠብቃል አለ። ይኼ ምስክርነት አይደለም?

(እዚህ ላይ እትዬ አስካለ መልስ አልሰጡም። የመጥረጊያው ድምፅ ግን ተሰማ።)

ጋሽ በላቸው፦ ወደ እንጦጦ መውጫው ያሉት ከስዊድን የተመለሱት ባልና ሚስት ደግሞ የቮልት ችግር የለባቸውም፣ የአውሮፓ መብራት ከእኛ ጋር ይስማማል። እነሱ ቡና አፈሉ፣ ፈንዲሻ በተኑ፣ ሲያበቁ ማሽኑን አስነሡ። ብሩሹ ፈንዲሻውን እንደመዋጥ በአራቱም ማዕዘን ረጨው። ቁም ሣጥን ላይ ሳይቀር ተገኘ። የሙሽራ አጀብ ይመስል ነበር አሉኝ። ምክንያቱ ምን መሰለሽ? ማሽኑ የተሠራው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ ለተነጠፈበት ቤት ነው። ሲሚንቶና ላስቲክ ላይ ብሩሹ የሚይዘው ያጣል። ጥፋቱ የወለሉ ነው።

እትዬ አስካለ፦ የወለሉ?

ጋሽ በላቸው፦ የወለሉ! ዘመኑ የደረሰበት ማሽን ይዘሽ ዘመኑ ያልደረሰበት ወለል ላይ ብትነጂው ማን ይጠየቃል? መፍትሔው ወለሉን ምንጣፍ ማልበስ ነው።

እትዬ አስካለ፦ እኔ ነገ ቄጤማ ነው የምጎዘጉዘው።

ጋሽ በላቸው፦ አየሽ! ጠርገሽ ጠርገሽ ሣር ትበትኛለሽ! አሜሪካኖች ቢሰሙ ምን ይላሉ?

እትዬ አስካለ፦ እነሱ ሣሩን አጭደው ይጥሉታል አሉ።

ጋሽ በላቸው፦ ለእሱም ማሽን አላቸው።

እትዬ አስካለ፦ መብራቱስ? በአንድ ቆጣሪ አምስት ቤት ነን። ባለፈው እርስዎ ሲያስነሡት የእኔ እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ቀረ።

ጋሽ በላቸው፦ ስም ማጥፋት ነው። ማሽኑ 1,400 ዋት ነው። ያንቺ ምጣድ ከ3,000 በላይ ይጎትታል። የተጣላነው በምጣድሽ እንጂ በማሽኔ አይደለም። ደግሞ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት! ከዚያ ላይ የእኔ 1,400 ዋት ቢነሣ የት ይታያል?

እትዬ አስካለ፦ ቆጣሪያችን ላይ።

ጋሽ በላቸው፦ ለዚያ ፕሮግራም ይወጣል። ማክሰኞና ዓርብ አንቺ ትጋግሪያለሽ፣ ሐሙስ እኔ እስባለሁ። ቆይ፣ የዋጋውን ነገር አልነገርኩሽም እኮ! ትልቁ ምሥጢር እዚያ ነው። ልጄ ስትገዛው 700 ዶላር ነበር። ያኔ በባንክ አንዱ ዶላር 57 ብር ገደማ ነው፤ እንግዲህ 40 ሺህ ብር በይው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተባለ። ዛሬ ያንኑ ማሽን ልግዛ ብትዪ ከመቶ ሺህ ብር ያልፍሻል። ማሽኑ ከቡፌው አጠገብ ሳይነቃነቅ፣ አንዲት አቧራ ሳይቀምስ፣ ስልሳ ሺህ ብር አተረፈ። ያንቺ መጥረጊያ በዚህ ጊዜ ውስጥ ምን አተረፈ?

እትዬ አስካለ፦ አለቀ።

ጋሽ በላቸው፦ አለቀ! ብትሠሪበት ያልቃል። ንብረት አያያዝ የምንለው ይኼ ነው። እኔ ግምጃ ቤት ሳለሁ ከነካርቶኑ ሃያ ዓመት የተቀመጠ የጽሕፈት መኪና ነበረን። ኦዲተር ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነበር።

እትዬ አስካለ፦ ታዲያ ዛሬ ምን ፈልገው ነው የመጡት ጋሽ በላቸው? ሊጥ ላይ ነኝ።

ጋሽ በላቸው፦ እ... መጥረጊያሽን ነበር። ለአፍታ። ማሽኑ የቆመበት ሥር አቧራ ተጠራቅሟል።

እትዬ አስካለ፦ ከበሩ ኋላ አለልዎት።

ጋሽ በላቸው፦ እመልሰዋለሁ፤ ከሕዳር 12 በፊት እመልሰዋለሁ። ግን ሕዳር 12 ስል ትዝ አለኝ። ሕዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ደጅ አውጥቶ ያነዳል። ከ1911ዱ የሕዳር በሽታ ጀምሮ ስናጨስ ይኸው መቶ ዓመት አለፈን። በዚህ ማሽን ቢሆን ጭስ የለ፣ እሳት የለ፣ ስብስብ አድርጎ ያስቀምጠዋል።

እትዬ አስካለ፦ ከዚያስ የት ይደፋል?

ጋሽ በላቸው፦ ደጅ።

እትዬ አስካለ፦ ከዚያስ?

ጋሽ በላቸው፦ ...ይቃጠላል። ግን ተጣርቶ! ስሚ፣ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዕድራችን ድንኳን አለው፣ አግዳሚ አለው፣ ብረት ድስት አለው። ለምን አንድ ቁም ማሽን አይገዛም? እኔ በንብረት ክፍል እይዘዋለሁ። ተዋሹ ይፈርማል፣ ብሩሹ ውስጥ ክር ከተገኘ ይቀጣል፣ ሸማኔ ከሆነ ዋስ ይጠራል።

እትዬ አስካለ፦ ለለቅሶ ቤት?

ጋሽ በላቸው፦ ለለቅሶ ቤት አይሆንም፣ ድምፁ ለቅሶውን ይውጠዋል፤ ሟች ያልተለቀሰለት ይመስላል። ለሰርግና ለተዝካር ነው። ተዝካሩ ግን ችግር አለበት። ድንኳን የሚተከለው ደጅ፣ በባዶ አፈር ላይ ነው። ማሽኑ አፈሩን ላጽዳ ብሎ ቢጀምር መቆሚያው የት ነው? አፈሩ ራሱ ሊሳብ ነው። መሬት ደግሞ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ያለ ፈቃድ ከረጢት ውስጥ ማስገባት ያስጠይቃል። ስለዚህ በቅድሚያ ለወረዳው ደብዳቤ መጻፍ አለበት፣ በግልባጭ ለመሬት አስተዳደር።

እትዬ አስካለ፦ ይጻፉዋ።

ጋሽ በላቸው፦ ማኅተሙ ጸሐፊው ጋ ነው። ጸሐፊው ደግሞ ሰበታ ሄዷል።