ያልተነሣው በርሜል

ጎረቤቴ ጋሼ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየማቸውን ለገናና ለጥምቀት ለሚመጣ ዲያስፖራ በቀን ሊያከራዩ ተነሡ። «ቤት የሚያከራየው ፎቶ ነው» አሉና ስልካቸውን ሰጡኝ። እውነታቸውን ነው። የቤት ማከራያው ድረ ገጽ የኤርቢኤንቢ መሥራቾችም እ.ኤ.አ. በ2009 ኒውዮርክ ላይ ገበያው አልንቀሳቀስ ቢላቸው፣ ካሜራ ተከራይተው ቤት ለቤት እየዞሩ ፎቶ አንሥተዋል። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ባልነገርኳቸው ይሻል ነበር።

መጀመሪያ የስልኩ ካሜራ ላይ 0.5 የምትለዋን አስነኩኝ። ሳሎኑ ወዲያው አዳራሽ ሆነ። ዳር የቆመችው ፍሪጅ ቁም ሣጥን አከለች፤ የበሩ መቃን እንደ ቀስት ጎበጠ፤ ሦስት ሰው ሲቀመጥበት ጉልበት ለጉልበት የሚያጋጨው ሶፋ ሚዜ ከነአጃቢው የሚያስቀምጥ መሰለ።

«አየህ፣ ቤቱ እኮ ሰፊ ነው! እኛ ነን ያላወቅነው» አሉ። 15 ዓመት ኖረውበታል።

ቀጥሎ መጋረጃው ተዘጋ፤ ማዶ የተሰጣው ልብስ እንዳይታይ። ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ፀሐይ ደጅ ቆማ፣ በአምፖል አነሣን። (የመስኮት ብርሃን ከአምፖል ይሻላል ብዬ ነበር። ማን ሰምቶኝ!) ፎጣው ዳክዬ ሆኖ ተጣጥፎ አልጋው ላይ ተጎለተ። ደረጃውንም ላንሣ ብል «ደረጃ ምን ያደርግልሃል?» ተባልኩ። ሕንፃው ጂ ፕላስ ፎር ነው፤ ሊፍት የለውም። 23 ኪሎ፣ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይዞ የሚመጣው እንግዳ አራተኛ ፎቅ እስኪደርስ የማንን ስም እያነሣ እንደሚወጣ አልታያቸውም።

መታጠቢያ ቤት ባለ 200 ሊትር ሰማያዊ በርሜል ቆሟል። ጋሼ አፈሩበት። እናውጣው ብለን ብንገፋው ጢም ብሎ ሞልቷልና ንቅንቅ አልል አለ። በአንሶላ ጋረዱት።

ፎቶው በወጣ ማግስት ከዋሽንግተን መልእክት ገባ። ስለ ሶፋው የለም፣ ስለ ዳክዬውም የለም። «ውሃ ሲጠፋ መጠባበቂያ አላችሁ?» ብቻ ይላል።

ማታውኑ በሬ ተንኳኳ። «ና እስቲ፣ በርሜሉን አንሣልኝ።»

ስንገባ በርሜሉ ተወልውሎ ያብረቀርቃል፤ ክዳኑ ላይ ዳክዬው ተቀምጧል። ስልኩን አስተካክዬ ልነካ ስል ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«በዚያች በ0.5 አድርጋት እንጂ። ወደ ዳር አስጠጋውና 500 ሊትር ይምሰል።»