ላሊበላን የማስረጀት ጥበብ

ቅዱስ ላሊበላ አንድ ነገር ዘንግቶ ነው የሄደው። አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ከቀይ አለት አስፈልፍሎ ሲጨርስ አላስረጃቸውም፤ ቀስ ብለው በራሳቸው ጊዜ እንዲያረጁ ትቷቸዋል። ደግነቱ ዛሬ ስልክ አለን። ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ የቆመው ጎብኚ በአውራ ጣቱ ወደ ድሮ ፊልም አስመሳዩ ፊልተር አንዴ ሸርተት ሲያደርግ፣ 800 ዓመት የቆመው ሕንፃ የ1970ዎቹ ፖስት ካርድ ሆኖ ያርፈዋል። ሂሳብ የሚወድ ሰው "ይኼማ ማስረጀት ሳይሆን ሰባት መቶ ምናምን ዓመት ከዕድሜው መቀነስ ነው" ይል ይሆናል። ሂሳብ የሚወድ ሰው ላይክ አያገኝም።

ፊልም የሚሉት ነገር ሲሞት ቀባሪ አላጣም። ፖላሮይድ ፊልም ማምረቱን በፈረንጆቹ 2008 አቆመ፤ ኮዳክ ዝነኛውን ኮዳክሮም በ2009 ተወው። የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ በ2010 ኢንስታግራም ከነፊልተሮቹ ብቅ አለ። ሟቹን ማንም አላስነሳም፤ ከሞት የተነሳው በሽታው ብቻ ነው።

በፊልሙ ዘመን ፎቶ አንሺ ሌሊት የሚያባንኑት ነገሮች ነበሩት። የካሜራው ጀርባ በወጉ ካልተዘጋ ብርሃን ሾልኮ ይገባና ፊልሙን ያቃጥለዋል። የተቃጠለው የሰርግ ፊልም ከሆነማ፣ ከሙሽራው አጎቶች ፊት በምን እግሩ ይቆማል? ዛሬ ያንን ቃጠሎ፣ ብርቱካንማ ነበልባሉ ሳይቀር፣ በክፍያ የሚጨምሩ አፖች አሉ። አሸዋ የተበተነበት የሚመስለው ነጠብጣብስ? ትንሽ ብርሃን እንዲበቃው ሆኖ የተሠራ ፊልም ዕዳ ነበር፤ ቤተ ጎልጎታ ውስጥ በጧፍ ብርሃን ያነሳ ሰው ወዶ ሳይሆን ተገዶ የሚቀበለው። አሁን ያው ነጠብጣብ በጠራራ ፀሐይ ይነሰነሳል፤ ያውም አቡነ ዮሴፍን የሚያህል ከ4,200 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ጥርት ብሎ በሚታይበት በላስታ ሰማይ ሥር።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የነጠላው ነገር ነው። ለገና ከቡግና ወይም ከመቄት ገደል ወርዳ ዳገት ወጥታ የምትመጣ እናት፣ ነጠላዋን በእንዶድ አሽታ፣ አለቅልቃ፣ በፀሐይ አስጥታ ነው የምትነሳው። ነጭ እንዲሆንላት የለፋችው ልፋት ነው። ጠዋት ማሜ ጋራ ላይ ካህናቱ ከላይና ከታች ቆመው ቤዛ ኩሉ ሲሉ፣ እሷም ከሕዝቡ መሐል ቆማ ስታሸበሽብ አንዱ ያነሳታል። ማታ ሆቴሉ ገብቶ በአንድ ንክኪ ነጠላዋን ቅቤ የፈሰሰበት ያስመስለዋል። ከሥሩም "ንጹሕ እምነት" ብሎ ይጽፍበታል። እንዶዱ ግን ባከነ።

ቀኑን የሚያትሙም አሉ። ሁጂ ካም የተባለው አፕ ካልከለከሉት በቀር ፎቶው ጥግ ላይ 98 ብሎ ይጽፋል። የትኛው 98 እንደናፈቀን ቢነገረን ጥሩ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ የምርጫ 97 ማግስት ነው፤ በፈረንጆቹ ከሆነ የባድመ ጦርነት የተቀሰቀሰበት ዓመት። እንግዲህ እንደ ናፍቆታችሁ ምረጡ።

ወሎ ግን በደበዘዘ ፊልም መታየት አዲስ አይደለችም። በእኛ አቆጣጠር በ1966 ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ ረሃቧን ቀርጾ ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን አደረሰ። በ1977 ጥቅምት ደግሞ የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ዓለምን አስለቀሰ። እነዚያ ምስሎች መታየት ነበረባቸው፤ ብዙ ነፍስም አትርፈዋል። ከዚያ ወዲህ ግን የተራቆተ ኮረብታ፣ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌና የደበዘዘ ቀለም ከተገናኙ ተመልካቹ ሳይነግሩት "ረሃብ" ይላል። የእኛ ፊልተረኛ ታዲያ ገብስ ሸጦ፣ ጠግቦ፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የላከን ገበሬ አቁሞ አርባ ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ገበሬው በጉልበቱ ያመለጠውን ዘመን በነፃ አስታቅፎት ይሄዳል። ይኼንንም "ስሜት አለው" ይሉታል።

ራሱን ሲያነሳስ? ልብ ብላችሁ እዩ፤ ለገዛ ፊቱ ሲሆን ፊልተሩ ሌላ ነው። ቆዳው ይለሰልሳል፣ ጥርሱ ይነጣል፣ ከዕድሜው አሥር ዓመት ይቀነሳል። እርጅናው ለላስታ፣ ወጣትነቱ ለእሱ።

ፊልተሩ ይታገድ አልልም፤ የራሳችሁን ቁርስ፣ ካሰኛችሁም የራሳችሁን ፊት አስረጁበት። የድሮውን ዘመን ከልባችሁ ከወደዳችሁት ግን ወጉንም አብራችሁ ውሰዱት። በፊልሙ ጊዜ ፎቶ አንሺ የሚያነሳው ሰው ፎቶው ታጥቦ በእጁ ይገባለት ነበር። እናንተም ያነሳችኋቸውን እናት አድራሻ ጠይቁ፤ ፎቶ ቤት ጎራ ብላችሁ፣ ቀለሙን ሳትነኩ፣ አንድ አሳጥባችሁ ላኩላቸው።