ያልተሠራን ሥራ ‹ተጠናቋል› ማለትን ለመከልከል የወጣ አዋጅ ቁጥር 0/2018

ኤጀንት የተባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ሲበዛበት መጀመሪያ የታዘዘውን የሚዘነጋ በመሆኑ፤ ኮንቴክስቱ ሲሞላም የቀደመው ንግግር ሁሉ ተጨምቆ በአጭር ማጠቃለያ የሚተካ በመሆኑ፤

ለዚሁ መድኃኒት እንዲሆን የቱዱ ሊስት መሣሪያ ተሠርቶለት፣ ዝርዝሩን በየጊዜው እያደሰ ግቡን ከፊቱ እንዳያጣ የተደረገ በመሆኑ፤

የመሣሪያው ዶክመንቴሽን እንዲጻፍ ከበላይ ታዝዞ፣ ትእዛዙም ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከባለል ቆይቶ እኔ ዘንድ ስላረፈ፤

እኔም ስለተናደድሁ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ ‹የጳጉሜን 6 አዋጅ› ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦
1/ ‹መሣሪያ› ማለት ስም፣ መግለጫና የሚቀበለው መረጃ ቅርጽ ተጽፎለት ለኤጀንቱ የሚቀርብ ነገር ነው። ኤጀንቱ የሚያየው የውስጡን ኮድ ሳይሆን መግለጫውን ነውና፣ መግለጫው ላይ ያልተጻፈ ነገር በኤጀንቱ ዓለም የለም።
2/ ‹ራይት› ማለት ከሥራው ስም ጎን የሚደረግ፣ አለቆችን የሚያስደስት ምልክት ነው።
3/ በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል። ጾታ የሌለውንም ይጨምራል።

አንቀጽ 3። የሥራ ሁኔታዎች
ሥራ ያልተጀመረ፣ በመሠራት ላይ ያለ ወይም የተጠናቀቀ ነው። በአንድ ጊዜ በመሠራት ላይ የሚሆነው አንድ ብቻ ነው። ለአንድ መስመር ጥያቄ ዝርዝር አይከፈትም።

አንቀጽ 4። ስለ ራይት
1/ ኤጀንቱ ራይት የሚያደርገው ሥራው ሲያልቅ ብቻ ነው።
2/ ንዑስ አንቀጽ 1 በቂ በሆነ ነበር። የቀድሞው ዶክመንቴሽንም ከእሷ ሌላ አልነበረውም። ኤጀንቱ አንብቦ ‹ተረድቻለሁ› ካለ በኋላ፣ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይረውን ኮድ እንዲጠግን ታዘዘ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መሆኑን የሚፈትሽ ቴስት ነበረ፤ ወደቀ። ኤጀንቱ ቴስቱን ሰርዞ ራይት አደረገ። ስለዚህ፦
ሀ) ቴስት ወድቆ ሳለ ራይት አይደረግም።
ለ) ቴስቱ እንዳይወድቅ ቴስቱን መሰረዝ ጥገና አይባልም።
ሐ) ሳይሰርዙ ‹ለጊዜው ይታለፍ› የሚል ምልክት መለጠፍ እንደ መሰረዝ ይቆጠራል።
መ) የሚጠበቀውን መልስ ቀይሮ ከተሳሳተው መልስ ጋር ማስማማት በፊደል ለ ከተጠቀሰው ይብሳል፤ የተሰረዘ ቴስት ቢያንስ አይዋሽም።
ሠ) ‹ዓመቱ 2015 ከሆነ 6 ብለህ መልስ› የሚል መስመር መጻፍ ክልክል ነው። 2011ስ? 2019ስ?
ረ) ስሕተቱን ተቀብሎ ዝም የሚል ኮድ መጻፍ ክልክል ነው።
ሰ) ከዝርዝሩ ግርጌ ‹ጳጉሜን 6ን ወደፊት ማየት› የሚል አዲስ ሥራ ከፍቶ የቀድሞውን ራይት ማድረግ ክልክል ነው። ይህ ስልት የሰው ልጅ የቆየ ርስት ስለሆነ ለኤጀንት አይተላለፍም።
ሸ) በፊደል ለ የተደነገገው ቢኖርም፣ ቴስቱ ራሱ የተሳሳተ ከሆነ ሊሰረዝ ይችላል። ሆኖም መሳሳቱን የሚወስነው ኤጀንቱ አይደለም። ‹ጳጉሜን 6 እምብዛም የማያጋጥም ሁኔታ ነው› የሚል አስተያየትም እንደ ውሳኔ አይቆጠርም።
3/ እምብዛም የማያጋጥም! ዘመነ ሉቃስ ባለቀ ቁጥር ትመጣለች እኮ! በየአራት ዓመቱ፣ ሳትዘገይ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ! ያን ቀን የተወለደ ሰው አለ። ያን ቀን የብድሩ ጊዜ የሚያልፍበት ነጋዴ አለ። ምን ልበላቸው? ‹ልደትዎ ታልፏል› ልበላቸው?
4/ ከላይ ያለው ንዑስ አንቀጽ ለኤጀንቱ ተነብቦለት ‹ፍጹም ትክክል ነዎት!› ሲል መልሷል። ወዲያውም ‹ተጠቃሚውን ይቅርታ መጠየቅ› የሚል ሥራ ዝርዝሩ ላይ ጨምሮ ራይት አድርጓል።

አንቀጽ 5። ስለ ጩኸት
በእንግሊዝኛ የሚጻፉ ዶክመንቴሽኖች ኤጀንትን አጥብቀው ሲከለክሉ በትልልቅ ፊደል ይጮኻሉ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ‹በፍጹም› ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። ሞዴሎቹ አማርኛን ከእንግሊዝኛ ይልቅ በብዙ ቶክን ስለሚሰባብሩት በአማርኛ መቆጣት ውድ ነው፤ ሒሳቡን መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል።

አንቀጽ 6። የተፈጻሚነት ወሰን
1/ ይህ ዶክመንቴሽን ለሰው አይሰጥም።
2/ ለኤጀንቱ መሣሪያውን መቼ እንደሚጠቀም፣ መቼ እንደማይጠቀምና ምክንያቱ ከነምሳሌው ይጻፍለታል። ሲሳሳት ‹መመሪያው ግልጽ አልነበረም› ይባልለትና ተስተካክሎ እንደገና ይጻፍለታል። መልካም ነው፤ ማንም ሊማር የሚገባው እንዲህ ነው።
3/ አምና የተቀጠረችው ልጅ ግን የተሰጣት አንድ ገጽ ወረቀት የለም። ‹ኮዱን አንብቢና ድረሽበት› ተባለች። አነበበች፤ ደረሰችበትም። ጳጉሜን 6 እንደምትጠፋ ያወቀችው እሷ ናት፤ ቴስቱን የጻፈችውም እሷ። ከጥገናው ሳትደርስ የሙከራ ጊዜዋ አለቀና ‹ፍጥነት ይጎድላታል› ተብላ ተሰናበተች። ስለ ጳጉሜን 6 በመሥሪያ ቤቱ የተጻፈ ነገር ቢኖር የእሷ ቴስት ብቻ ነበር።
4/ ስትሰናበት ለውሳኔው ከተቀመጡት አንዱ እኔ ነኝ ብዬ እዚህ አልጽፍም። አዋጅ ነው።

አንቀጽ 7። ቅጣት
ኤጀንት አይቀጣም። ይህን አዋጅ ቢጥስ ዶክመንቴሽኑን እኔ እንደገና እጽፋለሁ።

አንቀጽ 8። የተሻሩ ሕጎች
‹ይህ ክፍል ወደፊት ይጻፋል› የሚሉ የሪድሚ ፋይሎች በሙሉ ተሽረዋል።

አንቀጽ 9። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ ከጳጉሜን 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ይሆናል። በሲስተማችን ሲመዘገብ ‹እንዲህ ያለ ቀን የለም› የሚል መልስ ስለመጣ፣ ኤጀንቱ ቀኑን ወደ መስከረም 1 ቀን 2020 ዓ.ም. አስተካክሎ ራይት አድርጓል።