ቤንዚን የምትጾም መኪና

ሦስት አመል አለብኝ። ቆጣቢ ነኝ እላለሁ፤ ቤተሰቤ ግን ቋጣሪ ነው የሚለኝ። በቅጡ ያልገባኝን ነገር ለሌላው ማስረዳት እወዳለሁ። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የሌለኝን ያለኝ መስሎ መታየት ነው። ሦስቱ ለየብቻቸው ሲኖሩ ብዙም አላስቸገሩኝም ነበር። የተገናኙት በቤንዚንም በባትሪም የምትሠራ አሮጌ ሃይብሪድ መኪና፣ ፕሪየስ፣ ገዝቼ «ኢቪ» የሚል ቁልፍ ያገኘሁባት ዕለት ነው። ቁልፉን ሲጫኑት ሞተሩ ጸጥ ይላል፤ መኪናዋ በባትሪ ብቻ ትንሸራተታለች፤ ዳሽቦርዱ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይበራል። ለሦስቱም አመሎቼ በአንድ ጊዜ የሚበቃ ቁልፍ ነበር።

ዘመኑም አላገዘኝም። በ2014 ዓ.ም. ክረምት 48 ብር ያልሞላው አንድ ሊትር ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አለፈ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። በምኖርባት ባሕር ዳርም በባጃጁና በብስክሌቱ መሀል ኮሽታ የሌላቸው አዳዲስ መኪኖች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። እኔ ማደያ ተሰልፌ ሳለ ባለቤቶቻቸው መስኮት ከፍተው ሰላምታ እየሰጡኝ ያልፋሉ። ሰላምታው ከልብ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን እንደ ስድብ ነው የምቀበለው።

ስለዚህ ኤሌክትሪክ ለመሆን ወሰንኩ። ቡና ላይ ስንቀመጥ «እኔ እኮ የምነዳው በጣና ውሃ ነው» ማለት አመጣሁ። ማስረጃዬ የተሟላ ነበር፦ የአገራችን መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወስዶ እስከ 460 ሜጋ ዋት ማመንጨት ይችላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ውሸቱ ያለው እኔ ጋ ነው፤ መኪናዬ ከዚያ መብራት አንዲት ብልጭታ ቀምሳ አታውቅም፤ ሶኬት የላትማ! እንደሷ ያለው ሃይብሪድ ግድግዳ ላይ አይሰካም። ባትሪዋ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ወይ ሞተሯ ቤንዚን አቃጥሎ ያመነጨው ነው፣ ወይ በቤንዚን ያገኘችውን ፍጥነት ፍሬን ሲያዝ መልሳ የሰበሰበችው ነው። የጣና ውሃ እያልኩ የምፎክርበት ነገር ከጂቡቲ ወደብ በቦቴ የተጓዘ ቤንዚን ነበር።

እኔ ግን ቤንዚን አስጾምኳት። ጾሟም ቀን ሰው ፊት እህል አልነካም ብሎ ሌሊት ጓዳ ገብቶ እጥፍ እንደሚበላ ሰው ጾም ሆነ። ባትሪው ሲሟጠጥ ሞተሩ በቆምንበት ሳይቀር ተነሥቶ ያጓራል፤ ያጎደልኩትን ይሞላል። ቤንዚኑ ወደ ጉልበት፣ ጉልበቱ ወደ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ፣ ከባትሪው ደግሞ እንደገና ወደ ጎማ ሲመላለስ በየደረጃው ይሸረፋል። ባትሪዋም የምትኮራበት አይደለም። እንደሷ ባለው የሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ላይ ያለው ባትሪ 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ግን 9 ያህል አለው። ቢሞላ እንኳ የሊትር አንድ ሰባተኛ ገደማ ማለት ነው፤ ዕድሜው እንዲረዝም ሲባል ደግሞ መኪናዋ ሙሉውን አታስነካም። እኔ ሳምንት ሙሉ ከማደያ ልሰወርበት ያሰብኩት በዚህ ነው።

መመሪያው በዚህ ቁልፍ የሚኬደው ከጥቂት መቶ ሜትሮች እስከ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ያውም በዝግታ እየተነዳ መሆኑን ይናገራል። መመሪያ ማንበብ ከክብሬ በታች ስለነበር ይህን የተማርኩት መንገድ ላይ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ለእኔ ቁልፍ ተለክቶ የተሠራ ነው የሚመስለው። በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መስመር ያለውን ሰፊ ድልድይ፣ ሞተሩ እንዳይነሣብኝ ነዳጅ መስጫውን በእግሬ ጣት ጫፍ እየነካካሁ፣ እየዳኽኩ እሻገረው ነበር። ከኋላዬ ባጃጆች ክላክስ ያቀልጣሉ። አንድ ባለብስክሌት ተማሪ ደረሰብኝና በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ በትሕትና «ጋሼ፣ ልግፋልዎት?» አለኝ። እሱ እንኳ በራሱ ጉልበት ነው የሚሄደው፤ የማንንም ቤንዚን የጣና ውሃ ነው አላለም።

አክስቴም የድርሻዋን ተቀብላለች። በሚያዝያ ሙቀት ከዓባይ ማዶ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሳደርሳት ኤሲውን አጠፋሁባት፤ ባትሪ ይበላብኛላ። መስኮት ላውርድ ስትለኝ፣ የሚገባው ንፋስ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዛል ብዬ ስለ አየር ግፊት ማስረዳት ጀመርኩ። በዚያ ፍጥነት ንፋሱ ቅጠል አይዝም። በነጠላዋ ፊቷን እየጠረገች «ልጄ፣ አውርደኝና በእግሬ ልሂድ፤ እሷም ትረፍ» አለች።

አሁን ወደ ትልቁ ኃጢአት ልምጣ። መኪናዋ በአማካይ የበላችውን ቤንዚን በስክሪኗ ታሳያለች። ሞተር ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሣ ብዙ ስለሚበላ፣ ጠዋት ጠዋት የሚወጣው ቁጥር አያምርም። እኔም ሞተሩ እስኪሞቅ ጠብቄ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ እመልሰዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቆንጆ ቁጥር በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ለጓደኞቼ አሳያለሁ። ማጭበርበር አላልኩትም፤ «ትክክለኛ አለካክ» ነበር ያልኩት። ባለቤቴ ግን የቤቱን ወጪ በደብተር ትይዛለች። የተቀዳውን ሊትር ከተኬደው መንገድ ጋር አስተያየችና ከቁልፉ በፊት ከነበረው ትንሽ እንደጨመረ አገኘች። «ስክሪኑ ቆጥቧል፤ ወሬው ኪሳችን ጋ አልደረሰም» አለችኝ።

ተናድጄ መካኒክ ጋ ወሰድኳት፤ መኪናዋን ማለቴ ነው። ጥፋቱ የእሷ እንዲሆን አጥብቄ ተመኝቼ ነበር። ወጣቱ መካኒክ የኋላውን በር ከፍቶ «ይህን ጋቢ እዚህ ያደረገው ማነው?» አለ። የባትሪው ማቀዝቀዣ አየር የሚገባው ከኋላ ወንበር ጎን ባለች ቀዳዳ ኖሯል፤ እኔም መቀመጫው እንዳያረጅ ብዬ በጋቢ ደፍኛታለሁ። ቀጥሎ ደግሞ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ይቺ መኪና የማሰቡን ሥራ ራሷ ትሠራለች፤ እርስዎ ለምን ይደክማሉ?» ነገሩ ከዚህ አያልፍም። ቀስ ሲባል በባትሪ ትሄዳለች፤ ሞተሩ ሲነሣ ብዙ በማያባክንበት ኃይል ይሠራል፤ የተረፈውን ለባትሪው ይሰጣል። የመጀመሪያው ፕሪየስ በታኅሣሥ 1990 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከወጣ ጀምሮ መሐንዲሶች ሲያሻሽሉት የኖሩትን ስሌት እኔ በአንድ ጣት አርም ነበር። ቁልፉ የተሠራው መኪና ከጋራዥ ለማውጣት፣ ወይም በሌሊት ጎረቤት ሳይቀሰቅሱ ለመግባት ነው።

ቤንዚን የሚያድነው ሌላ ነው፦ ፍሬንን ቀደም ብሎ ለዘብ አድርጎ መያዝ፣ የጎማ አየር ማስተካከል፣ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ጉዳይን በአንድ ዙር መጨረስ። አንዱም አረንጓዴ መብራት የለውም፤ ቡና ላይም አይወራም።

አሁን ቁልፉን አልነካም። ማስተማሬን ግን አልተውኩም። በቅርቡ አንድ ወዳጄ ያንኑ ቁልፍ ሲጫን አየሁትና ስለ ጉልበት ብክነት፣ ስለ ከንቱ ውዳሴ፣ ስለ ጂቡቲም ሳይቀር ረጅም ትምህርት ሰጠሁት። በትዕግሥት አዳመጠኝና «የእኔ እኮ ቤት የሚሰካ ሃይብሪድ ነው፤ ማታ ማታ በመብራት ነው የምሞላት» አለ። በሶኬት ለምትሞላ መኪና ቁልፉ ልክ ነው፤ ለአጭር መንገድ ቤንዚን በእርግጥ ያድናል። በጣና ውሃ የሚነዳው እሱ ነበር። እኔም ሳልደነግጥ «አውቄያለሁ፤ ምናልባት መኪና ከቀየርክ እንዲጠቅምህ ብዬ ነው» አልኩት።